ኪሱ በቀኝ በኩል ነው

የልዋጩ ልጅ የአባቴን ኮት ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳው። ገበሩን ገልጦ አየ። ክርኑን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እማማ፣ ለዚህ አንድ መካከለኛ ሳፋ ልስጥዎት» አላት።

«መካከለኛ?» አለች እናቴ።

የተቆጣች መሰለኝ። ለካስ እየተከራከረች ነው። ከመካከለኛ ሳፋ ወደ ትልቅ፣ ከትልቅ ወደ ትልቅና ሁለት ጆግ እስኪደርስ ድረስ ልጁን ለቀቅ አላደረገችውም። በመጨረሻ «እሺ ይሁን» ሲላት ኮቱን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደች። አጣጥፋም ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«አልሸጠውም» አለችው። «ዋጋውን ለማወቅ ያህል ነው።»

ልጁ ስቆ ሄደ። ደግ ልጅ ነው። ሌላ ቢሆን እናቴን ባይሰድብ እንኳ እኔን አይምረኝም ነበር። የጠራሁት እኔ ነኛ።

ጊዜው መጋቢት 2016 ነው፤ ሰፈሩ ዶሮ ማነቂያ። የፒያሳ ቤቶች መፍረስ ጀምረው የእኛም ተራ ደርሶ ነበር። መንገዱ ሁሉ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍና የተነቀለ ቆርቆሮ ሆኗል። ከማንም በላይ ሥራ የበዛባቸው ልዋጮቹና ቁራሌዎቹ ነበሩ። እኛ በቀነስን ቁጥር የእነሱ ጆንያ ይሞላል። ስለ መፍረሱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ማውራት የፈለግኩት ስለ ሳጥኑ ነው።

ሳጥኑ የአያቴ ነው። ወፍራም እንጨት ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። ቤቱ መጀመሪያ የግለሰብ ኪራይ ቤት ነበር፤ በ1967ቱ አዋጅ ደግሞ የቀበሌ ሆነ። ሳጥኑ ግን ከአልጋው ግርጌ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሲከፈት መጀመሪያ ናፍታሊኑ አፍንጫን ይመታል። ቀጥሎ እናቴ በየዓመቱ የምትቀይረው ጠጅ ሳር ይሸታል። ከሁሉም ኋላ፣ ከጨርቁ ውስጥ ሆኖ፣ የቡናና የነጭ ጋዝ ሽታ አለ። እሱ የማንም አይደለም፤ የቤቱ ነው።

እኔ ያን ቀን በጣም ተግባራዊ ሴት ሆኜ ነበር። ኢንተርኔት ላይ «ዓመት ሙሉ ያልለበሳችሁትን አስወጡ» የሚል ምክር አንብቤያለሁ። እንግዲህ በዚያ ሕግ ከሄድን ከሳጥኑ የሚተርፈው ናፍታሊኑ ብቻ ነው። ምክሩ ቁም ሳጥኑ ለሞላበት ሰው ይሠራ ይሆናል። የእኛ ቤት ሳጥን ደግሞ ከመጀመሪያውም የማይለበስ ነገር ማስቀመጫ ነው። የሚለበሰውማ በር ላይ ምስማር አለው።

*

አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ግራጫ ኮት ነበረው፤ አንድ። ሥራም በእሱ፣ ሠርግም በእሱ፣ ለቅሶም በእሱ። ማታ ሲገባ ያወልቀውና መስቀያ ላይ አድርጎ በመዳፉ ከላይ ወደ ታች ይዳብሰዋል፤ በቅሎ የሚያስተኛ ነበር የሚመስለው። ጠዋት ሲወጣ የደረት ኪሱ ላይ መሀረብ ይሰካል። ኪሱ በቀኝ በኩል ነው።

እኔ የኮት ኪስ በቀኝ ነው ብዬ አድጌያለሁ። ትምህርት ቤት ኮት የለበሰ ሰው ሥዬ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አይታ «ይሄ ሰውዬ ግራኝ ነው እንዴ?» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። ቤት ገብቼ አባቴን ጠየቅኩት። አልሳቀም።

«ኮት እንደ ሰፊው ነው» አለኝ።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የአባቴ ትልቅ ፎቶ ነበር። ጊዮርጊስ ጋ የተነሳው ነው። ምኒልክ አደባባይ ዳር ቆሟል፤ ኮቱን ለብሶ፣ መሀረቡን ሰክቶ፣ አገጩን ትንሽ ቀና አድርጎ። ዓይኑ ፈጣን የሆነ እንግዳ ሲመጣ «ጋሼ፣ ኪስዎ ምነው?» ይላል። አባቴ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። «ፎቶ አንሺው ገልብጦ አጥቦት ነው!» እንግዳውም ራሱን ይነቀንቃል። በዚያን ጊዜ ፊልም ነው፤ ሲታጠብ መገልበጥ ያለ ነገር ነው። ሻዩ ይቀዳል፤ ወሬው ያልፋል።

ያን የመጋቢት ሰሞን ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ መስታወቱን ወለወልኩት። ከአባቴ ትከሻ በስተጀርባ በጣም ትንሽ ሆኖ አንድ ማስታወቂያ ይታያል። «ቡና ቤት» ይላል። ቆይቼ ነው የገባኝ። ፎቶው ተገልብጦ ቢሆን ፊደሉም ይገለበጥ ነበር። «ቡና ቤት» ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከምሳ ጠረጴዛችን በላይ ተሰቅሎ ማናችንም አላነበብነውም።

ኮቱን አውጥቼ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። እንደ ወንድ ኮት ነው የሚቆለፈው፤ ቁልፍ ቤቱ በግራ ነው። በቀኙ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ዳነ ቁስል ሦስት የተደፈኑ ቦታዎች አሉ። ክሩ ከኮቱ ትንሽ ይጠቁራል። በጣት ካልዳበሱት አይታወቅም።

ሠራተኛ ሰፈር አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውም ዕቃ እየሸከፉ ነው። የስፌት መኪናቸው በሸራ ተጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል። ኮቱን ሰጠኋቸው። ከኪሱ በፊት ያዩት ስፌቱን ነው።

«የተገለበጠ ነው» አሉኝ።

«ምን ማለት ነው?»

ሳቁብኝ። ከዚያ መንገድ ላይ እንደቆምን አስረዱኝ። የድሮ የሱፍ ጨርቅ ጥሩ ነው። ከላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ ይነጣል፤ ክርኑና ኮሌታው ያብረቀርቃል። ከውስጥ ግን ገበሩ ስለሚጋርደው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ስፌቱ በሙሉ ይፈታል፤ አንድም ክር አይቀርም። ጨርቁ ይገለበጣል፤ ውስጡ ላይ ይወጣል። እንደገና ይሰፋል። ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ቀኙ ግራ። አዲስ ከማሰፋት ስለሚረክስ ደሞዝተኛው ሁሉ ያስገለብጥ ነበር።

«ቁልፍ ቤቱን እንደፍነዋለን» አሉኝ። «ኪሱን ግን ምን ታደርጊዋለሽ? ተቀዷል። ዘመድ መጥቶ ኪስህ ምነው ካለ፣ ባለቤቱ የራሱን መልስ ይፈልግ።»

ከመሄዴ በፊት የድፍኑን ክር በጥፍራቸው ነካ አድርገው «ይሄን የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው» አሉ። የማን እጅ እንደሆነ ግን መገመት አልፈለጉም።

ቤት ስመለስ እናቴ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። ነገርኳት። አልተገረመችም።

«በ1982 ነው» አለች። «ማስገልበጫውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዕቁቤ።»

ያኔ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነኝ። ዘመኑ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ዘመን ነው። ለካ ኮቱ የሠርጉ ኮት ኖሯል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ኪሱ በግራ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ኮት የነበረው ይመስለኝ ነበር። አንድ ኮት ነው። ስምንት ዓመት በአንድ ፊቱ ለብሶት፣ በሌላው ፊቱ እስኪሞት ድረስ ለበሰው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቴ ብርጭቆውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። «አባትሽ ፎቶ አንሺው ነው ካለ፣ ፎቶ አንሺው ነው።»

*

አባቴ በ2003 ሲሞት ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ኮቱን ከፎቶው ጋር ከፍ አድርገው ይዘው አስለቀሱበት። ከዚያ በኋላ ሳጥን ገባ። ሌላው ልብሱ ከአርባው በኋላ እንደ ወጉ ተሰጠ። ካፖርቱ ለንስሐ አባታችን፣ የቀረው ለነዳያንና ለጎረቤት።

ይሄን ነገር ሰው አያስጠነቅቅም። የሟች ልብስ ሲሰጥ ሩቅ የሚሄድ ይመስላል። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ግን ሩቅ የሚባል ቦታ የለም። አንዱ ግቢ ሲያስነጥሱ ሌላው ግቢ ይማርህ የሚባልበት ሰፈር ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ አባቴን በክፍልፋይ አገኘው ነበር። ሱሪው ቦኖ ውኃ ሲቀዳ አየዋለሁ። ባርኔጣው ጠላ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ቡናማ ሹራቡ አንድ ጠዋት ቸርችል ጎዳናን እየሮጠ ሲወርድ አገኘሁትና ታክሲ እስኪያመልጠኝ ቆሜ አየሁት። አባቴ ሮጦ አያውቅም።

መጀመሪያ ያመኝ ነበር። በኋላ እየለመድኩት ሄድኩ፤ እንዲያውም ጠዋት ስወጣ መፈለግ ጀመርኩ። ባርኔጣውን ሰላም እለው ነበር። የለበሰው ሰውዬ ለእሱ መስሎት እጥፍ ብሎ ይመልስልኛል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሲቀደድ አንድ ሰው በአረንጓዴ ክር ጣፈው። ቀለሙ ባይገጥምም ያ ጥፈት ደስ አሰኝቶኛል።

እናቴ ዓመት ሙሉ ከል ለበሰች። ሙት ዓመቱ ሲወጣ አወለቀችና በዚያው ቀን ከቤት አስወጣችው። ከል ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ሌላ ሐዘን ይጠራል ትላለች። ሳጥናችን ውስጥ ጥቁር ልብስ የለም።

*

የእናቴ የሠርግ ቀሚስ ከታች፣ በአሮጌ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።

ፈትሉን የፈተለችው አያቴ ናት። ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን ይዛ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዘንድ ወጣች። በ1974 እንኳ የተፈተለ ክር ከሱቅ መግዛት ይቻል ነበር። እሷ ግን የሱቅ ክር አታምንም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ናቸው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወሩ ይሠራሉ። ሸማ በእጅ ሲሠራ ስፋቱ የሰው ክንድ የሚደርስበትን ያህል ነው። ለዚህ ነው ነጠላም ጋቢም መሀሉ ላይ ስፌት ያለው። ልጅ ሆኜ ጋቢ ስለብስ ያቺን ስፌት በጣቴ ይዤ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ቀሚሱ ወፍራም ወይን ጠጅ ጥበብ አለው። እናቴ አንድ ቀን ነው የለበሰችው፤ የመልሷ ዕለት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ለበሱት።

በሰፈራችን ቀሚስ መዋስ ነውር አልነበረም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የሚተርቱት ራሳቸው ተውሰው ነው የሚያገቡት። መልስ ያለባት፣ የምትመረቅ፣ ሚዜ የምትሆን ልጅ እናቷን ይዛ ትመጣለች። ወሬው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጀመራል፤ ቀስ እያለ ወደ ሳጥኑ ይጠጋል። እናቴ ቀድማ ስለምታውቀው መርፌዋን ፍለጋ ትነሳለች።

ጥበብ ያለው ቀሚስ ጫፉ አይታጠፍም። ጥበቡ ይደበቃላ! ልጅቷ አጭር ከሆነች እጥፉ ከጥበቡ በላይ ወደ ውስጥ ይያዛል። ቀሚሱ ሲመለስ እጥፉ ይፈታል። የእጥፉ መስመር ግን ይቀራል። ቀሚሱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ብታዩት ከጥበቡ በላይ ሰባት ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ቁመት እንደሚለካበት የበር መቃን።

እናቴ እያንዳንዱን ታውቀዋለች። ከሁሉ በላይ ያለው መስመር የባለ ሱቁ ልጅ ናት፤ ድንክዬ ነበረች፤ አሁን ቤይሩት ናት። ቀጥላ ያለችው ሠርጓ ላይ ዝናብ የዘነበባት ናት፤ እዚያው መስመር ሥር እንዶድም በረኪናም ያላስለቀቀው የጭቃ ነጥብ አለ። ሁለት እህትማማቾች አንድ መስመር ይጋራሉ። ከታች ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ በ2000 ስመረቅ የለበስኩት። የዚያን ዓመት ተመራቂ ሁሉ «የሚሊኒየም ተመራቂ» ይባል ነበር፤ እኛም እንደ ማዕረግ ነበር የያዝነው። አያቴ በሕይወት ብትኖር «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብላ ለከተራም ታስለብሰኝ ነበር። እናቴ ግን በተረት አትሸነፍም። ታቦቱን አጅቦ ጃንሜዳ ድረስ በዚያ አቧራ? አይሆንም አለች።

አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ፎቶ አሳየኋት። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ቀሚስ ነው፤ በሐር የተጠለፈ ጥጥ። በ1860 እንግሊዞች መቅደላን ከያዙ በኋላ ከተወሰደው ዕቃ ጋር ሄዶ አሁን ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ታሪኩን ነገርኳት፤ ስለ ዘረፋው፣ ይመለስ ስለሚባለው። መነጽሯን አድርጋ ጥልፉን ብዙ አየችው።

«ማን ያናፍሰዋል?» አለችኝ።

ሙዚየም ልብስ አያናፍስም አልኳት። ስልኩን መለሰችልኝ።

*

የራሴ ልብስ? የሚወራ አይደለም። የታላቁ ሩጫ ቲሸርቶች ብቻ አንድ ፌስታል ይሞላሉ። ሩጫው በ1994 ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያ ቲሸርት የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ይሮጥበታል፤ ቀጥሎ ይተኛበታል፤ ከዚያ ወለል ይወለወልበታል። እኔ አሥር ኪሎ ሜትሩን ሮጬ የጨረስኩት አንድ ጊዜ ነው። ሌላውን ጊዜ ስታዲየም ጋ ስደርስ ማኪያቶ አማረኝ። እነሱን ለልዋጩ ስሰጥ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህን ተቀበልኩበት፤ አንዱ አሁን ክዳን የለውም።

*

ነጩ ሸሚዝ ግን አለ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ኮሌታው ረጅምና ሹል ነው፤ የዚያ ጊዜ ፋሽን። በ1970 አንድ ምሽት ከበር ጠርተው ወሰዱት። ቡናማ ሱሪና አያቴ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር። ሸሚዙ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ አልደረቀም። ስለዚህ ቀረ።

ሬሳ አልመጣም። አያቴ «ሞተ» ብላ ተቀምጣ አታውቅም። በየዓመቱ ከሆሳዕና በፊት ሸሚዙን አውጥታ ታጥበዋለች፤ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ማንም እንዲያግዛት አትፈቅድም። ሳጥኑ ውስጥ ሁሉም ነገር ናፍታሊን አለው፤ እሱን ግን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ለብቻው በአንድ ጥግ ነበር የምታደርገው። ናፍታሊን አይወድም ትል ነበር። ሲመጣ እንዳይሸተው። በ1991 እስከሞተች ድረስ ሃያ አንድ ጊዜ ታጥቧል ማለት ነው፣ ማንም ሳይለብሰው። ጨርቁ ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ ጣት ያሳያል።

መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ሲከፈት እናቴን ይዣት ሄድኩ። ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ አፍሮ ያላቸው፣ ኮሌታቸው ረጅም የሆነ። ፎቶዎቹ ጋ የምትቆም መስሎኝ ነበር። አልፋቸው ሄደች። መስታወቱ ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣው አጽምና ልብስ ያለበት ክፍል ስትደርስ ግን ቆመች። ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እየሄደች፣ ጎንበስ እያለች፣ ልብሱን ብቻ ታያለች። አስጎብኚው ከኋላችን ነበር፤ ማስረዳቱን አቁሞ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ብዙ ስትቆይብኝ፣ «እማ፣ ሸሚዙ እኮ ቤት ነው» አልኳት።

«ሸሚዙን አይደለም» አለችኝ። «ሹራቡን ነው።»

አላገኘችውም። ስንወጣ ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችና እስከ ለገሃር በእግራችን ሄድን። ሹራቡ ምን ዓይነት አረንጓዴ እንደነበር ስትነግረኝ ነው የሄድነው። እንደ ቃሪያ አይደለም፤ እንደ ጎመንም አይደለም። ለገሃር ስንደርስም አልተግባባንም።

*

ከዶሮ ማነቂያ ስንወጣ እናቴ እኔ ጋ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባች። አራተኛ ፎቅ ነው። የጫኝና አውራጅ ልጆች ሳጥኑን ሁለተኛ ፎቅ ድረስ አወጡት። መታጠፊያው ላይ እምቢ አለ። በቁሙ ሞከሩት፤ በጎኑ ሞከሩት። አንደኛው «ክዳኑን ብንነቅለውስ?» አለ። እናቴ ከላይ ሆና ሰማችው። «መልሱት» አለች። አሁን መግቢያው ላይ የጥበቃው ወንበር ነው። ውስጡ ብርድ ልብሱንና ሬዲዮኑን ያስቀምጥበታል። እናቴ ስትወጣና ስትገባ ክዳኑን መታ መታ ታደርገዋለች።

ልብሶቹ አሁን አልጋ ሥር፣ ሁለት ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ታወጣቸዋለች። ኮቱ፣ ቀሚሱና ሸሚዙ በአንድ ገመድ ላይ፤ ነፋስ ሲመጣ እጅጌ ከእጅጌ ይነካካል። ሸሚዙን የምታጥበው አሁን እናቴ ናት፤ ካውያው ኤሌክትሪክ መሆኑ ብቻ ነው የተለየው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጎረቤት ማንም አልጠየቀም። ኮንዶሚኒየም እንዲህ ነው፤ የሰው ገመድ አይቶ ያላየ ይመስላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን በር ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶች ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ፣ ረጅም፣ ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለች የምትወጣ ልጅ። ወንፊት ልትዋስ ነው የመጣችው። ወንፊቱን ይዛ አልሄደችም። ዓይኗ በረንዳው ላይ ነው።

«እማማ፣ እንደዚህ ያለ ጥበብ አሁን የት ይገኛል? የጓደኛዬ ሚዜ ነኝ፣ ዋጋው ሰማይ ነው።»

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ መርፌዋን ፍለጋ ተነሳች።

ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ልክ ነው። ቁመቱ ግን ከቁርጭምጭሚቷ አራት ጣት በላይ ቀረ። እናቴ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ፣ ጫፉን አገላብጣ አየችው። የሚፈታ እጥፍ የለም። እንደዚያ ቀሚሱ ያጠራት ልጅ መጥታ አታውቅም። ሰባቱ መስመሮች በሙሉ ከልጅቷ ጉልበት በታች ተደርድረዋል።

«እነዚህ መስመሮች በካውያ አይጠፉም?» አለች ልጅቷ።

«አይጠፉም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ወገቡ ላይ እንቀጥልበታለን። መቀነት ይሸፍነዋል፤ ማንም አያውቅም።» ወደ እኔ ዞረች። «ነገር ግን የሱቅ ክር አይመስልም። ሽሮ ሜዳ መውጣት አለብን።»

«ሰኞ ከሥራ ስወጣ እንሄዳለን» አልኩ።

«ታክሲው በየት ነው የሚሄደው?»

ከወጣን ወዲህ በፒያሳ አልፋ አታውቅም። ጊዮርጊስን እንኳ የምትሳለመው ከሩቅ ነው። «በአራት ኪሎ ዞረን መሄድ እንችላለን» አልኳት።

ቀሚሱን ከልጅቷ ተቀብላ በእጥፉ እያጠፈች ነበር። «ምን ያዞረናል፣ በፒያሳ ነው እንጂ። ኮቱንም ያዢልኝ፤ ያ ልብስ ሰፊ አሁን እንቁላል ፋብሪካ ጋ ነው ብለውኛል፣ ስንመለስ ገበሩን ያይልኝ። ቀሚሱን ደግሞ በፌስታል እንዳትከቺው፤ ይጨማደዳል።»